ከቁርባን በኋላ አራት ብርጭቆ ወይን

ቴክሳስ ውስጥ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ ባለ ሆቴል ትሪ ተሸክሜ ስመላለስ ጉልበቴ አለቀ። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ማለቴ፣ ትንሽ ለማማረርም ነው። ሐኪሙ የጉልበቴን ፎቶ እያሳየኝ «አንቺ በዚህ ሥራ ልትቀጥይ ትችያለሽ፣ እሱ ግን አይቀጥልም» አለኝ። ሆቴሉ ውስጥ እኔ የማውቀውና ትሪ የማያሸክም አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ የወይን ጠጅ ኃላፊነት። ሶምሊዬ ይሉታል። እንግዳውን ማማከር፣ ጠርሙስ መክፈት፣ መቅዳት፣ የወይኑን ጓዳ መቆጣጠር ነው። ቦታው ክፍት ነበር። ማናጀራችን እኔንና አንድ ሜክሲኳዊ ባልደረባዬን ጠርቶ በግልጽ ነገረን፤ ለዚህ ሙያ የሚሰጠውን ፈተና ያለፈ ቦታውን ይወስዳል። ሁለታችንም ካለፍን፣ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ቅድሚያው የእኔ ነው። «ካላለፍኩስ?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና «ትሪው አለ» አለኝ። እሱ እንደ ቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አየር ማረፊያው አጠገብ ኧርቪንግ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ ከእኔ ጋር ነበረች። አውሮፕላን ጣሪያችንን እየታከከ ሲያልፍ በየጊዜው ታማትባለች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ስለዚህ የፈረንሳይን ወይን ደረጃ በአማርኛ በትንንሽ ካርዶች ላይ ጽፌ ሰጠኋትና ጠያቂዬ እሷ ሆነች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ስትጠይቀኝ ከፈታኞቹ ይልቅ እሷን ነበር የምፈራው።

«ቦርዶ» ትላለች።

«ቦርዶ ላይ ማዕረጉ የቤቱ ነው። ማለቴ፣ ወይኑን የሚያመርተው ግቢ። በ1855 ለፓሪስ ኤግዚቢሽን ሲባል ደላሎቹ ተቀምጠው፣ ወይኑ የሚሸጥበትን ዋጋ አይተው፣ ቀዩን ወይን አምስት ደረጃ ላይ ደለደሉት። ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተነካም። ከሁለተኛ ወደ አንደኛ የወጣ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ስንት ዓመት ተሟግቶ።»

«ደላላ ያወጣው ደረጃ!» ትላለች። «እኛም ሰፈር እንዲህ ነበር፤ ቤትህ ውድ ከሆነ አንተም ጨዋ ነህ። ቡርጎኝስ?»

«እዚያ ማዕረጉ የመሬቱ ነው። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ማሳው ነው የሚታየው። ከላይ ግራን ክሩ የሚሉት ታላቁ ማሳ፣ ከሱ ቀጥሎ ፕሪሚዬ ክሩ፣ ከዚያ የመንደሩ፣ ከታች የጠቅላላው አካባቢ።»

«ፕሪሚዬ ምን ማለት ነው?»

«አንደኛ።»

«ታዲያ አንደኛው እንዴት ሁለተኛ ይሆናል?»

«እሱን ፈረንሳዮቹን ጠይቂያቸው።»

«ቦርዶ ላይስ?»

«ቦርዶ ላይ አንደኛው አንደኛ ነው።»

«ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው?» ብላ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ያን ጊዜ ስቄ ስቄ ሆዴን ያመኛል። ሳንቴሚሊዮን የሚባለው አገር ደግሞ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ወይኑን እንደ አዲስ እየመዘነ አንዱን ያወጣል፣ አንዱን ያወርዳል፤ የወረደው ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ይሮጣል። ይህን ስነግራት በጣም ደስ አላት። «የወረደውስ ደግ አደረገ፤ ቢያንስ ተበደልኩ ብሎ ይናገራል» አለች። ነገር ግን ከሁሉም በላይ ልቧን የገዛው ቡርጎኝ ነበር። «መሬቱ ነው ልጄ፤ ዘር ከልጓም ይስባል!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ እከራከራታለሁ። አንዱ ማሳ ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል፤ ሰነፍ እጅ የገባው ፈር ወይኑ ውሃ ውሃ ይላል፣ ማዕረጉ ግን አይነሳበትም። ከታች ያለው የመንደር ወይን ደግሞ ጎበዝ ከያዘው ከላይኛው በልጦ ይጣፍጣል። «ታዲያ በፈተና ላይ በምን ትለዪዋለሽ?» ብትለኝ፣ «ጣዕሙ አፍ ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ነው» አልኳት። ጥሩ መሬት ያበቀለው ወይን ከአፍ ከወጣ በኋላም ጣዕሙ ቶሎ አይለቅም።

ከአፍ ከወጣ በኋላ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሙያ ወይን ይቀመሳል እንጂ አይጠጣም። ትጎነጪያለሽ፣ አፍሽ ውስጥ ታንከባልይዋለሽ፣ ባልዲ ውስጥ ትተፊዋለሽ። አለዚያ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ምላስሽም ጭንቅላትሽም አይታዘዙም። እኔ ከመጠጥ ጋር ድሮም ዝምድና የለኝም፤ ግማሽ ብርጭቆ ቢራ ያስተኛኛል። ስለዚህ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ ስተፋ እናቴ ፊቷን ታዞራለች። «በሞቴ! ይህን ሁሉ ብር አውጥተው ገዝተው ይተፉታል!» ትላለች። ወራት ሙሉ ስተፋ ከርሜ መትፋት እንደ መተንፈስ ሆነልኝ። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ስለ ትንፋሹ አያስብም።

እናቴ የመጣችበት አንድ ጉዳይ ነበራት፤ ከእኔ ጋር መቁረብ። ልጅ ሳለሁ አብረን ቆርበናል። ካደግኩ፣ ካገባሁ፣ ትዳሬም ከፈረሰ በኋላ ግን ከቁርባኑ ርቄ ቆይቼ ነበር። ወር በገባ ቁጥር «መቼ ነው?» ትለኛለች፣ እኔ «ሺፍቴ እሑድ ነው» እላታለሁ። በመጨረሻ ንስሐ ገባሁ፣ ቀኖናዬን ፈጸምኩ፣ የንስሐ አባቴም ቀኑን ቆረጡልን። ከትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ እንቆርባለን፣ ማክሰኞ ፈተናዬን እፈተናለሁ፣ ሐሙስ እናቴ ትበራለች። ሁሉም በየቦታው ገጥሞ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኢሜይል መጣ። ማክሰኞ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ እንደሚመጣ ተተንብዮአል፣ ፈታኞቹ በአውሮፕላን ስለሚመጡ በረራው ካንስል እንዳይሆንባቸው ፈተናው ወደ እሑድ ከሰዓት ተዛውሯል ይላል። መቅረት ለከርሞ መጠበቅ ነው። እኔ ለከርሞ የሚደርስ ጉልበት የለኝም። ወዲያው ለንስሐ አባቴ ኮል አደረግኩ፤ እናቴ አጠገቤ ሶፋው ላይ ሆና ሹራቧን ታጥፋለች።

«አባ፣ እሑድ ከቆረብኩ በኋላ ከሰዓት ወይን መቅመስ እችላለሁ? ለሥራ ነው፣ የፈተና ጉዳይ ነው።»

«ልጄ፣ ወይኑ ምን በደለ? ጌታ ቃና ላይ ባርኮታል» አሉኝ። «ክልክሉ ስካር ነው። ቅመሺ፣ አትስከሪ።»

«ኧረ አልሰክርም አባ፣ ቅምሻ ብቻ ነው!»

«እንግዲያ እግዚአብሔር ይርዳሽ።»

ስልኩን ዘግቼ እናቴን ተጠመጠምኩባት። «ይቻላል! ሁለቱም ይሆናል!» አልኳት። እሷ ግን ሹራቡን እንደገና ዘርግታ ማጠፍ ጀመረች። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

እሑድ ቆረብን። ስለዚያ ብዙ አልናገርም፤ የሚናገሩት ነገር አይደለም። እናቴ ከፊቴ ነበረች። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል ውሃ ያልነካው ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ከቁርባኑ በኋላ የሚሰጠውን ማየ መቁረር ስጠጣ እንባዬ ወረደ። አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ወጣን። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ዳቦ ቀመስን፤ ሰዓቱ ስለገፋ ከዚያ በላይ አልበላሁም። ከዚያ 635 በሚሉት አውራ ጎዳና ወደ ፈተናው በረርን። እናቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቆራቢ ዝም ይላል፣ ትክክል ነው ብዬ እኔም ደረጃዎቹን በልቤ እየደገምኩ ነዳሁ።

ፈተናው እዚያው እኔ በምሠራበት ሆቴል ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እናቴን ሎቢው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬ ገባሁ። የጽሑፉን ፈተና ሠራሁ፣ ቀለለኝ። የመስተንግዶውን ሠራሁ፣ ጠርሙሱን ከፍቼ ጠብታ ሳላፈስ ቀዳሁ። የመጨረሻው የቅምሻ ፈተና ነው። በር ተከፍቶ ስሜ ተጠራ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አራት ብርጭቆ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከጎኑ ጥቁር ባልዲ።

ባልዲውን ሳይ ክው አልኩ።

ከቆረቡ በኋላ አይተፋም። ምራቅ እንኳ አይተፋም። የተቀበልሽው ቅዱስ ነገር ከአፍሽ ጋር እንዳይወጣ ነው። ይህን ሰው አልነገረኝም አልልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ልጅ ሳለሁ በቆረብንበት ቀን እናቴ ብርቱካን ስትሰጠኝ ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅማ አውጥታ ነበር፣ እንዳልተፋ። እና አሁን ጠረጴዛው ፊት ቆሜ ትዝ አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለአባ «ቅምሻ» ስላቸው እሳቸው መጎንጨት መሰላቸው፣ እኔ ደግሞ መትፋት እንዳለበት መናገር ረሳሁ። ማን ወይን ይተፋል ብለው ያስቡ!

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ። አንዲት ፀጉረ ነጭ ሴትና ሰዓት የያዘ ወንድ። «ዝግጁ ነሽ?» አለኝ ወንዱ። ዝግጁ አይደለሁም ብል ምክንያቱን ምን ልላቸው ነው? ወጥቼ ብሄድ ሥራው ሄደ፣ ጉልበቴም አብሮ ሄደ። ብተፋ ደግሞ... ኧረ ወዲያ! ባልዲውን በእጄ ገፋ አድርጌ አራቅኩትና «ዝግጁ ነኝ» አልኩ። እውጠዋለሁ። ከየብርጭቆው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ጊዜ ሦስትም አራትም ጊዜ ተመልሼ ነበር የምቀምሰው።

የመጀመሪያው ነጭ ነው። አሸተትኩት፣ ጎነጨሁ፣ ዋጥኩ። ባዶ ሆዴ ውስጥ እንደ ትኩስ ሾርባ ተሰማኝ። ሻብሊ የሚባለው ነጭ ወይን ነው አልኩ፤ ድንጋይ ድንጋይ ይሸታል፣ ኮምጣጣነቱ ስለት አለው። ሴትዮዋ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች፣ አንድ ነገር ጻፈች። ሁለተኛው ጥቁር ቀይ ነው። ዋጥኩ። ቦርዶ፣ የወንዙ ግራ ዳርቻ፣ ብዙ ዓመት የቆየ። አፌ በደንብ ይናገራል፣ ግን ጆሮዬ መጋል ጀምሯል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ እኔ ወይን መሃል እየዋልኩ ሁለት ጉንጭ ወይን ራሴን አዞረኝ።

«አሁን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አንድ ላይ» አለች ሴትዮዋ። «ሁለቱም ቡርጎኝ ናቸው። መንደራቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ። አንዱ የመንደር ወይን ነው፣ አንዱ ፕሪሚዬ ክሩ። የትኛው ነው ፕሪሚዬ ክሩ? ለምን?»

ከእናቴ ጋር ስከራከርበት የከረምኩት ጥያቄ እኮ ነው! ሦስተኛውን ቀመስኩ። እንዴት ያለ ደስ የሚል ወይን ነው፤ ክፍት፣ ለስላሳ፣ አፍን የሚያባብል። አራተኛውን ቀመስኩ። ጨምደድ ያለ፣ አኩራፊ፣ ምላስ የሚይዝ። ይህ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ሦስተኛው ጎበዝ ሰው የያዘው የመንደር ወይን ሊሆን ይችላል፤ አራተኛው ገና ያልተከፈተ ትልቅ መሬት ሊሆን ይችላል። የሚለየው የትኛው ረጅም ጊዜ አፍ ውስጥ እንደሚቆይ በማነጻጸር ነው። ለዚያ ደግሞ ወደ ሦስተኛው መመለስ፣ ከዚያ ወደ አራተኛው፣ ከዚያ እንደገና መመላለስ ያስፈልጋል። አፌ ተቃጥሎ የትኛው ጣዕም እንደቀረ መለየት አቅቶኛል።

እጄ ወደ ሦስተኛው ብርጭቆ ሄደ። ያኔ ጠረጴዛው ትንሽ ያዘመመ መሰለኝ። እናቴ ሎቢው ውስጥ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች፤ ቆርቤ በዋልኩበት ቀን እየተንገዳገድኩ ብወጣላትስ? አባ ያሉኝ ቃል ይኸው ነበር፣ አትስከሪ። እጄን መለስኩት።

«መልሰሽ መቅመስ ትችያለሽ፤ ጊዜ አለሽ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያም በትሕትና ባልዲውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገችልኝ። «መትፋትም ትችያለሽ፣ እዚህ ማንም አይታዘብሽም።»

«አልችልም» አልኳት።

«ይቅርታ?»

«ዛሬ አልችልም።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። ደስ ያለኝን አምኜ፣ እንዳትሳሳቺ ብዬ ራሴን ያስጠነቀቅኩበትን ስሕተት በገዛ እጄ ሠራሁት። «ሦስተኛው ነው» አልኩ።

ውጤቱን እዚያው ቀን በትንሽ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ እየጠሩ ነገሩን። ጽሑፉን አልፌያለሁ፣ መስተንግዶውን በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። ቅምሻው ላይ ወድቄያለሁ። አራተኛው ነበር። «ብዙ አልቀረሽም ነበር» አለችኝ ሴትዮዋ፤ ከልቧ አዝናለች። «አንድ ጊዜ እንኳ መልሰሽ ብትቀምሺው ታገኚው ነበር። ለከርሞ ነይ።» ባልደረባዬ አልፏል። ኮሪደሩ ላይ አቀፈኝ፣ ፊቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ደግ ሰው ነው። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት።

ሎቢው ውስጥ እናቴ ከሩቅ ስታየኝ ተነሳች። አለፍሽ ወይ አላለችኝም።

«ተፋሽ ወይ?» አለችኝ።

«አልተፋሁም።»

«ሁሉንም ዋጥሽው?»

«ዋጥኩት።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። ቀስ ብላ፣ ለራሷ፣ ግን ረዘም አድርጋ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ቀና ብላ አየችን። እናቴ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ ትስመኛለች፣ ትመርቀኛለች። እኔ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። ቀስ እያለ ነው የገባኝ።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

እልልታዋ ቆመ።

«መቼ ነው ትዝ ያለሽ?»

«ዓርብ» አለች። «ከአባ ጋር በስልክ ስታወሪ።»

«ዓርብ! ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ሆነሽ? መኪና ውስጥ ሆነሽ?»

«ብነግርሽ አንዱን ትተዪው ነበር።»

«ታዲያ እኔ ልምረጣ! የእኔ ሕይወት አይደለም እንዴ?»

«የምትመርጪውንማ አውቀዋለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም። እንዲያው አንድ የታወቀ ነገር እንደምትናገር ብቻ ነው።

ሎቢ ውስጥ መሆኔን ረስቼ ጮህኩባት። «ወድቄያለሁ! ሰማሽኝ? ባለመትፋቴ ወድቄያለሁ!» እናቴ ይህን አላሰበችም ነበር። የዋጠ ሰው ይወድቃል ብላ በምን ታስብ? ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ጊዜ አዘንኩላት። ወይኑ ከራሴ እስኪወጣ እዚያው ተቀመጥን፣ ከዚያ ነድቼ ቤት ወሰድኳት።

ማክሰኞ የተፈራው ዝናብ ቀረ። ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ሆኖ ዋለ። መስኮቱ ላይ ቆሜ ሰደብኩት።

ሐሙስ አየር ማረፊያ አደረስኳት። ተሽከርካሪ ወንበር ታዝዞላት፣ የሚገፋት ሰው ፍተሻው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ሦስቱን ቀን ሙሉ «ብዪ»፣ «ጠጪ»፣ «መድኃኒትሽን ያዢ» ከማለት በቀር ያወራነው ነገር አልነበረም።

«ተቀይመሽኛል» አለች።

«በጣም።»

«ይገባሻል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ዓርብ ዕለት ብነግርሽ ኖሮ የቱን ትተዪ ነበር?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ሰውየው ሰዓቱን ያያል፣ ሰው በጎናችን ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል።

«ቁርባኑን» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ፈተናው ለከርሞም አለ ልጄ» አለች። «እኔ ለከርሞ መኖሬን ማን ነገረሽ?»

ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሰውየው ወንበሩን ገፋው፣ እጇን ሳትዞር ወደ ላይ አንስታ አወዛወዘችልኝ። ከዚያ ሥራ ገባሁ። ባልደረባዬ አዲሱን ጥቁር ኮት ለብሶ ጠርሙስ ይከፍታል። እኔ ትሪዬን አነሳሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ እናቴ በአውሮፕላን ሰማይ ላይ ናት፣ እንዲህ ተናድጄባትም ገና ከአሁኑ ናፍቃኛለች።